ለሠው ሁሉ የሚጠቅም ነገር

አራሚው ከወረቀት መጋዘኑ ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ቀይ እስክሪብቶው እንኳ ከደረት ኪሱ አልወጣም። ሠላሳ ዓመት የሰው ስሕተት ሲለቅም የኖረ ሰው፣ በየቀኑ የሚወርድበትን ደረጃ ስቶ ወደቀ አሏት። መርማሪዋ አልተዋጠላትም። ሁሉም ለማመን መቸኮላቸው ደግሞ አናደዳት።

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የነበሩት አራት ናቸው፦ ባለቤቱ፣ ጠራዧ፣ ገጽ አቀናባሪውና ደንበኛ የምትቀበለው የሟቹ ልጅ።

«ደግሞ ሐሳቡን በቀየረ ዕለት» አለች ጠራዧ ስልኳን እያሳየቻት። አምስት ሰዓት ላይ ከሟቹ ስልክ ለሠራተኛው ሁሉ የተላከ መልእክት ነው፦ «ሐሳቤን ቀይሬአለሁ። ገብቻለሁ። ለሠው ሁሉ የሚጠቅም ነገር ነው።»

«የት ነው የገባው?»

«የስልክ ገንዘቡ ውስጥ ነዋ። በነጻ ነው። የሚጋብዝዎት ካለ ይገባሉ፤ ከዚያ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አንዴ መጫን ነው። ቁጥሩ ያድጋል።»

«ምን ይገዛል?»

«ገና ነው።»

«ገና ከተባለ ስንት ዓመቱ?»

«ሦስት» አለችና አንገቷን ደፋች።

መርማሪዋ የገዛ እህቷ ጠዋት የላከችላትን ግብዣ አስታወሰች። አልከፈተችውም።

ባለቤቱ ቢሮው ውስጥ ይንጎራደድ ነበር። «ቀይ ብዕር ነበር የምንለው። ‹በነጻ ከሆነ ግብዣ ምን ያደርግለታል? አየር በግብዣ ነው እንዴ የምትተነፍሱት?› እያለ ሲያበሽቀን ከረመ። ትናንት እኔንም ጠራዧንም አሳመነን፤ ዛሬ ልንወጣ ነበር።»

«ብትወጡ ማን ይጎዳል?»

«ኧረ ማንም። በነጻ አይደል?»

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል አራቱንም የአራሚው የሥራ ክፍል ውስጥ ሰብስባ ብጣሽ ወረቀት አደለቻቸው። «‹ሰው ሠራሽ ገንዘብ› ብላችሁ ጻፉልኝ።»

«ፈተና ነው እንዴ?» አለ ባለቤቱ።

«ነው።»

ወረቀቶቹን ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«የሟቹን ስልክ አየሁት፤ የትም አልገባም። መልእክቱ ውሸት ነው። ስልኩ የሚከፈተው በጣቱ ነው፤ እንግዲህ የጻፈው ከሬሳው አጠገብ የነበረ ሰው ነው። ‹ሐሳቤን› በሐመሩ ሐ ጽፏል፤ ልክ ነው። ‹ሰው›ን ግን በንጉሡ ሠ ጻፈው። ቀይ ብዕር ቢሞት እንዲህ አይጽፍም። ባለቤቱና ጠራዧ ሁለቱንም ቃል በእሳቱ ሰ ጽፈዋል፤ ፊደል መለየት ግድ አይሰጣቸውም። ልጅቷ ‹ሰው›ን በእሳቱ፣ ‹ሠራሽ›ን በንጉሡ፣ ሁለቱንም ልክ ጻፈች።»

«አባዬ ‹ሥራ›ን በንጉሡ ካልጻፍኩ ደብተሬን አይፈርምልኝም ነበር» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«አንዱ ግን አራሚውን ለመምሰል ሲጣጣር ሁለቱንም በንጉሡ አደረጋቸው።»

ከጠረጴዛው ላይ ባለፈው ሳምንት የታረመ ገጽ አነሣች። ኅዳጉ ላይ በቀይ ተጽፏል፦ «ሰው በእሳቱ ነው። ስንቴ ልንገርህ?»

ሁሉም ወደ ገጽ አቀናባሪው ዞሩ።

«ሊወጡ የነበሩትን ሁለቱን የጋበዝካቸው አንተ ነህ» አለችው።

«ሦስት ዓመት አንድ ቀን አልዘለልኩም» አለ። «እናቴን የቀበርኩ ዕለት እንኳ። እነሱ ከወጡ ቁጥሬ ከዜሮ ይጀምራል። ‹ጋሼ፣ በነጻ እኮ ነው፤ ምን አጣሁ?› አልኩት። ‹ሦስት ዓመትህን› አለኝ። ገፋሁት።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። «መልእክቱን ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «አባዬ በመጨረሻ እሺ አለ ብዬ።»

በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ፖሊስ ካቴናውን አስገባለት። ሰባት ሰዓት ሆነና የገጽ አቀናባሪው ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። የታሰሩ እጆቹን ዘረጋ።

«አንዴ ብቻ ልጫን።»

መርማሪዋ ስልኩን ቀድማው አንሥታ አጠፋችው። ጩኸቱ ግን አልቆመም።

«ይቅርታ» አለ ክንዱን የያዘው ፖሊስ፤ በሌላ እጁ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጫነ።