የጸሐፊዋ ስም

ጸሐፊዋ የመኪናውን የኋላ በር ከፍታ ገባች። የመነጽር ማስቀመጫዋን ከፊተኛው ወንበር ሥር አንሸራተተችው።

«ፍላሹ ውስጡ ነው። ካሬ ሜትር ከድሃ የነጠቀው መሬት ለማን ለማን እንደታደለ በሙሉ አለ። ልጄ፣ አደራህን፣ ስሜ እንዳይነሳ።»

«አይነሳም፣ እትዬ» አለ ሹፌሩ።

ሠራተኛው በሹክሹክታ ካሬ ሜትር የሚለው ሚኒስትሩን ነው። እሱ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚኒስትሩ ሹፌር። ሹፌርነቱ ሽፋን ነው። ደህንነት ቤት «ዝምተኛው» ይሉታል። ግዳጁ አንድ፦ የሚኒስትሩን ገበና ማውጣት። አለቃውም አንድ፦ የምስጢር ስሙ «አጎቴ»።

ቀትር ላይ መኪና እጥበት ተገናኙ። አረፋው መስታወቱን ሸፍኖታል። አጎቴ ፍላሹን ኪሱ ከተተ።

«ከፍተህ አይተኸዋል?»

«አላየሁም።»

አልዋሸም። ቅጂ ግን አስቀርቷል፤ የሙያ ልማድ ነው።

«ማን ሰጠህ?»

ዝምተኛው ዓይኑን ወደ አረፋው መለሰ።

«ነገር ሳይፈነዳ ሰውየውን ላሸሸው ብዬ እኮ ነው። እኔን ካላመንክ ማንን ልታምን?»

ስሟን ነገረው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ከሰዓት በኋላ ቅጂውን ከፈተ። ዝርዝሩን እያነበበ ወረደ። አሥራ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ጣቱ ቆመ።

የአጎቴ ሙሉ ስም። ከነፊርማው።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ቢሮዋ ደረሰ። ወንበሯ ባዶ ነው። ኮምፒውተሯ እንደበራ።

«ሁለት ሰዎች ወሰዷት» አለች ጽዳቷ፣ ከወለሉ ቀና ሳትል።

ደወለ።

«አጎቴ፣ ሴትየዋ የት ናት?»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

ስልኩ ተዘጋ።

ቅጂውን ያኔውኑ ውጭ አገር ላለ ጋዜጠኛ ላከው። በሳምንቱ ሚኒስትሩም አጎቴም ታሰሩ። «ታማኝ መስለውኝ ነበር» አለ የአገሪቱ መሪ በቴሌቪዥን፣ እንባ ቀረሽ ድምፅ አውጥቶ። ከመሬቱ የእሱም ወንድም ደርሶት ነበር፤ ያንን ያነሳ የለም።

ግዳጁ ተፈጸመ። ጸሐፊዋ ግን የገባችበት አልታወቀም።

ዝምተኛው የመኪናውን ቁልፍ አስረክቦ ሲወጣ በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ አስቆሙት። የሴት ሹራብ ታቅፈዋል።

«ልጄ፣ ባለቤቴ እዚህ ጸሐፊ ናት። አንድ ጨዋ ሹፌር አለ፣ እንደ ልጄ ነው ትለኝ ነበር። እሱ የት እንዳለች ሳያውቅ አይቀርም። ታውቀዋለህ?»



«አላውቀውም፣ አባባ። ሥራ የለቀቀ መሰለኝ።»

«ካገኘኸው ይፈልጉሃል በልልኝ።»

«እሺ።»

መንገዱን ተሻገረ። ታክሲ ከሚጠብቀው ሰልፍ መጨረሻ ቆመ፣ ፊቱን እንደ ሌላው ሰው ወደ መንገዱ አዙሮ።