ቡላ የቀመሱት አምባዛዎች

ኤልያብ ሆሳዕና ውስጥ መስታወት ቆራጭ ነው። እጁ ቀጥ ያለ ነው፤ ምላሱ ግን ቆንጆ ሲያይ ይተሳሰራል። አዲሷ የባዮሎጂ መምህርት ሐዳሳ ሱቁ ገብታ «ለዓሣ የሚሆን የመስታወት ሳጥን ሥራልኝ» ስትለው፣ አንድም ነገር ሳይጠይቅ እሺ አለ። በቀጠሮው ያስረከባት ተንሸራታች በር ያለው፣ ለሳምቡሳ የሚመች ሳጥን ነበር።

«ዓሣ ጠብሼ የምሸጥ መሰለህ?»

«ብትሸጪ ደንበኛሽ እሆን ነበር፣ ቲቸር» አለ። በራሱ ድፍረት ደነገጠ። እሷ ሳቀች፤ ጉዱን ያመጣው ያ ሳቅ ነው።

ሁለተኛው ሳጥን ውኃ ያዘ። ሐዳሳ ከሥሩ ለስላሳ አሸዋ አነጠፈችና ከአዲስ አበባ ያስመጣቻቸውን ትንንሽ አምባዛዎች ለቀቀችበት። አውራ ጣት የማያክሉ፣ ጢማም፣ ከማንም የማይጣሉ ፍጥረቶች ናቸው። ኤልያብም «ያጣበቅኩበት ሲሊኮን አፍስሶ እንደሆነ ልየው» እያለ ቤቷ ይመላለስ ጀመር። ሳጥኑ ጠብ አላደረገም፤ እሱም መምጣቱን አልተወም። ዓይኑ ከመስታወቱ ወዲያ እሷን እንደሚያይ ሐዳሳ ታውቃለች። እስኪናገር ጠበቀች። እሱ ስለ ሲሊኮን ብቻ ያወራል።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የቤቷን ቁልፍ ሰጠችው።

«ዶዮገና ቤተሰቦቼ ጋ ልሄድ ነው። አባቴ የሚያገባኝ ሰው አግኝቶልኛል። ዓሦቼን አደራ።»

ትንሽ ቆማ ጠበቀችው።

«እንኳን… ደስ ያለሽ» አለ ያ የማይረባ ምላስ።

እሷ ከሄደች ወዲህ ኤልያብ እህል አላሰኘውም። ዓሦቹም እንደዚያው መሰሉት፤ አሸዋው ላይ ተኝተው ይቆዩና ድንገት ሽቅብ ተፈትልከው አየር ጎርሰው ይመለሳሉ። «ትንፋሽ አጠራቸው! ናፍቀዋት ነው!» አለ። ሊደውልላት ስልኩን አነሳ፤ ስለዚያ ሰውዬ ብትነግረኝስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

እናቱ እትዬ ትርፊት ለታመመም፣ ለወለደችም፣ ከመንገድ ለመጣም የሚያዝዙት አንድ መድኃኒት አላቸው፤ ቡላ። ኤልያብ በእናቱ ድስት አገነፋ፣ አቀጠነ፣ አቀዘቀዘ፣ ሳጥኑ ውስጥ ገለበጠው። ውኃው ወተት ሆነ። ሐዳሳ ሻንጣዋን ይዛ በሩን የከፈተችው ያኔ ነው።

«ኤልያብ! ምን አድርገህ ነው?»

«ደክመው አየኋቸው… ቡላ ሰጠኋቸው።»

«ቅቤ አለው?»

«ትንሽ። ለጉልበት።»

ሐዳሳ አልሳቀችም። ሻንጣዋን ጥላ እጅጌዋን ሰበሰበች። እሱ በዝናብ ንጹሕ ውኃ በጄሪካን ያመላልሳል፣ እሷ በነጩ ውኃ ውስጥ እየዳበሰች ዓሦቿን ወደ ባልዲ ታወጣለች። የመጨረሻውን ሲፈልጉ ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ ሁለቱም እጃቸውን ቶሎ አልሳቡም። ሁሉም በሕይወት ተገኙ።

«ሥር መተኛት ተፈጥሯቸው ነው» አለች ባልዲውን አቅፋ። «አየር መጉረሱም እንደዚያው። አልታመሙም ነበር። ቁልፌን ስጠኝ።»

ሰጣት። በስብሶ ቤቱ ገባና ጉንፋን ይዞት ተኛ። ጉንፋኑ ለቀቀው፤ እሱ ግን ከአልጋው አልወረደም። አጣኋት ብሎ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ትርፊት በሩን ከፈቱ። ሐዳሳ የእናቱን ድስት ይዛ ገባች። ድስቱ ውስጥ ትኩስ ቡላ አለ።

«ይሄ የሚሰጠው ለሰው ነው» አለችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እነሱ ሥር የሚተኙት ተፈጥሯቸው ሆኖ ነው። አንተስ?»

«አፍሬ ነው። ፈርቼም ነው… ያ የዶዮገናው ሰውዬ…»

«ስለ ዓሦቼ ስነግረው ‹ስንት ኪሎ ይወጣቸዋል?› አለኝ። በነጋታው ተሳፈርኩ።»

ኤልያብ ተነስቶ ተቀመጠ።

«ሐዳሳ» አለ፤ ቲቸር ማለቱን ረስቶ። «ሳጥኑ አንድም ቀን አላፈሰሰም። አንቺን ለማየት ነበር የምመጣው። እወድሻለሁ።»

ሐዳሳ አቀርቅራ ቡላውን ታማስላለች። ጆሮዋ ቀላ።

«ይሄን ለማለት ዓሦቼን መቀቀል ነበረብህ?»

ከመጋረጃው ወዲያ እትዬ ትርፊት እልልታቸውን አቀለጡት። ኤልያብ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ሳበ።

«ሽማግሌ ዶዮገና ላክ» አለችው እየሳቀች፣ ቁልፏንም መልሳ መዳፉ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞረች።

«እማማ፣ አደራ፤ ቡላውን የት እንደሚያስቀምጡ እንዳይነግሩት።»