የማያልበው የራስ ቅል

ዶና ቪንቼንዛ ሰኞ ጠዋት በናፖሊው የአጥንት ዋሻ፣ ደረጃው ሥር አንገቷ ተሰብሮ ተገኘች። የዋሻው አጥንት ብዛቱ፣ ሁሉም ባንዴ ቢያስነጥስ ከተማዋ ባሕር ትገባለች። ያን ቀን ግን ማንም አላስነጠሰም፤ ያለቀሰም የለም። ከጦርነቱ ወዲህ እንባ እንደ ሥጋ ጠፍቷል።

መርማሪ ማላፍሮንቴ ደረሰ። አፍንጫው ከሱ ቀድሞ በር ያንኳኳል ይባላል። ከሟቿ ጋር ዋሻው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። መርማሪው ሟቿ እዚያው ዋሻ ውስጥ ያኖረችውን ትንሽ ሣጥን ከፍቶ የራስ ቅል አየ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የሷ ፔፒኖ ነዋ!» አለ ዘበኛው ዶን ታቶኖ። «እዚህ ሴቶቹ የማይታወቅ ሟች ቅል ወስደው ስም ያወጡለታል። እሷም ሰኞ ሰኞ ትወለውለዋለች፤ ከኃጢአት በሚያነጻው በመንጽሔ እሳት ላለች ነፍሱ ትጸልያለች። እሱም በውለታው ልጇን ከሩሲያ ግንባር መለሰላት።»

ማላፍሮንቴ ጣቱን በቅሉ ላይ አሳለፈ። አቧራ ነው።

የተመለሰው ልጅ ቺሮ ግድግዳ ተደግፎ ያዛጋል።

«ፔፒኖን ታውቀዋለህ?»

«ኧረ ወዲያ! ሁሉም ያው ገጣጣ ነው።»

«አፍህን ዝጋ፣ የሌሊት ወፍ ይገባብሃል» አለችው ጎረቤታቸው ዶና ራኬሌ።

«እርስዎስ ቅል አለዎት?» አላት መርማሪው።

«አለኝ፣ ምን ያደርጋል! ልጄን ኒኮላዬን ከሩሲያ አምጣልኝ ብዬ ስንት ዓመት ለመንኩት። ድንጋይ ነው። መወልወሉን ከተውኩ ቆየሁ።»

መርማሪው ሦስቱንም ሣጥኑ ዙሪያ ሰበሰበ።

«በዚህ እርጥበት የተወለወለ ቅል ያልበዋል። ያልተወለወለውን አቧራው ያደርቀዋል። ይህ ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ፔፒኖ አይደለም፣ ተቀይሯል። ቺሮ ቅል ከቅል አይለይም። ዶን ታቶኖ ቁልፉ በእጁ ነው፤ ቢፈልገው ማንም በሌለበት ይወስደው ነበር። ደግሞ ሌባ ሣጥኑን ባዶ ጥሎ ይሄዳል። ይሄኛው ግን የያዘው ቅል ነፍስ ቤት አልባ እንዳትሆን ፈርቶ፣ ያንን ቅል እዚህ ተክቷል። እንዲህ የሚፈራ የሚጸልይ ሰው ብቻ ነው።»

የራኬሌን ሣጥን ከፈተ። ውስጡ ያለው ቅል ውሃ ያንጠባጥባል።

ራኬሌ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። «ለአንድ ሰኞ ብቻ አውሺኝ አልኳት። እምቢ አለች። ሳብኩ፤ ሳበች። ለቀቀችና ከደረጃው ወደቀች።»

ቺሮ ማዛጋቱን ተወ።

«እማማ ራኬሌ፣ ኒኮላ እኮ በረዶው ላይ ቀርቷል። ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ። እናቴ ናት፣ ተስፋዋን አትንጠቃት፣ ዝም በል ያለችኝ።»

ራኬሌ ለካቴናው ሁለት እጇን ዘረጋች።

«እኔ በሕይወት ይምጣልኝ እያልኩ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለነፍሱ ማን ጸለየለት?»