ያልተመረመረ ማኅተም

«ገባ! ኢርማ፣ ቺፑ ላይ ገባ!»

ዜቬሪን ወንበሩን ገፍቶ ብድግ አለ። ኢርማ አላመነችም። በኦስትሪያዋ ግራትስ ከተማ በሚገኘው የቴክኒክ ትምህርት ቤታቸው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ለብስክሌት ማቆሚያው በር የኤሌክትሮኒክ ቁልፍ ሲሠሩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ከስልክ የሚላከውን «ክፈት» የሚል መልእክት መመስጠሩ አላስቸገራቸውም። ያስቸገራቸው ማኅተሙ ነው፤ መልእክቱን ማንም እንዳልነካካው ለማረጋገጥ መጨረሻው ላይ የሚለጠፍ ቁጥር። እሱን የሚመረምረው ክፍል ሲጨመር ንድፉ ትንሿ ቺፕ ላይ አልበቃ ይላል። ኢርማ ትናንት አሥራ አንድ ጊዜ አሳጥራ ሞክራለች፤ አሥራ አንዴም እንቢ ብሏታል።

«ምን አድርገህ ነው?»

«አሳጠርኩት። በቃ።»

መልእክት ላከች። ጠረጴዛው ላይ ለሙከራ የተገጠመው መቀርቀሪያ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ከዚያ ያንኑ መልእክት ከውስጡ አንዷን ዜሮ ብቻ ወደ አንድ ቀይራ ላከችው። እንቢ ማለት ነበረበት። ቀጭ። ማኅተሙን በሙሉ ዜሮ አደረገችው። ቀጭ።

ፊቷ ጋለ። የዜቬሪንን ፋይል ከፈተች። ምርመራው በነበረበት ቦታ አንድ መስመር ብቻ አለ፤ ምንም ይምጣ ምን «ትክክል ነው» የሚል።

«ምርመራውን አውጥተኸዋል!»

«ለዓርቡ የትምህርት ቤት ትርኢት ብቻ ነው፣ አታካብጂ። እንግዶቹ ክራፕፈን፣ ያንን ጣፋጭ ዳቦ፣ ሊበሉ እንጂ ፎርጅድ መልእክት ሊልኩ ነው እንዴ የሚመጡት?»

«ሰኞ እኮ በሩ ላይ ይገጠማል! ደሞ ለምን ዋሸኸኝ? ትናንት እንዴት ስለፋ እንደዋልኩ እያየህ!»

«እኔስ አልለፋሁም?» ድምፁ ተሰበረ። «ሰለቸኝ፣ ኢርማ። አንድ ቀን እንኳ "ሠራ" ማለት አማረኝ።»

ወዲያው መምህራቸው ፕሮፌሰር ፒህለር የትርኢቱን ቅጽ ይዘው ገቡ።

«እህ ልጆች፣ እንዴት ሆነላችሁ? ማኅተሙንስ ይመረምራል?»

«አዎ፣ ይመረምራል» አለ ዜቬሪን፣ ኢርማን ሳያያት።

«ጎበዞች! በሉ ፈርሙልኝ።»

ቅጹ ላይ ሦስት ሣጥኖች አሉ፦ ይመሰጥራል፣ ይፈታል፣ ማኅተም ይመረምራል። ኢርማ ሁለቱ ላይ ምልክት አደረገች። እስክሪብቶው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እጇ ቆመ። ሣጥኑን ባዶ ትታ ስሟን ጻፈች።

ፕሮፌሰሩ ቅጹን አዩት። «ይቺን ረሳሻት?»

«አልረሳኋትም።»

ፕሮፌሰሩ ከእሷ ወደ ዜቬሪን፣ ከዜቬሪን ወደ ቅጹ ተመለከቱ።

«እንግዲያው ዓርብ ጠረጴዛችሁ ባዶ ሊሆን ይችላል።»

«አውቃለሁ፣ ፕሮፌሰር።»

ቅጹን ወደ ዜቬሪን ገፋችው። ጆሮው ድረስ ቀልቶ እስክሪብቶውን አነሳ። ኢርማ ምን እንደሚጽፍ ለማየት አልጠበቀችም። ወንበሯን ስባ ምርመራው ያልወጣበትን የራሷን የትናንት ፋይል ከፈተች፤ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ ማንበብ ያዘች።