የስንጥቁ ደብተር

ከምድር በላይ ያለው ሜዳ ለእኛ እንደሚታየን ከምድር በታች ያለው ጥልቅ የሚታየው፣ ዘመናትን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ይህንንም ያውቀዋል፤ እኛ የምንተርከው እርሱ ካየው ጥቂቱን ነው። ጊዜው የደርግ ዘመን፣ ግንቦት ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. ነበር። በሐዋሳ፣ በአንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳ ፊት ቆማለች።

ጥሩወርቅ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ተማሪ፣ ከሰዓት በኋላ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ናት። በመካከሉ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ አለ፤ ቤት ስትገባ ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ አልጋ ላይ የዋለች እናት ትጠብቃታለች። ድካሟ እንቅልፍ የሚያስወግደው ዓይነት አልነበረም፤ ተኝታ ስትነሣ አብሯት ይነሣል።

«ዛሬ ከፊደል ገበታው አላነብም» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ ከፊት ወንበር ተነሥተው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ዓሣ ሲሸጡ የኖሩ ባልቴት ናቸው። «አስተማሪዬ፣ ዛሬ የራሴን ይዤ መጥቻለሁ።»

«እትዬ ደግሞ ጀመሩ» አለ ከኋላ የተቀመጠው ጋሪ ነጂ ሙክታር። «ነገ ጋዜጣ ያስነብቡናል።»

«አንተ መጀመሪያ ስምህን ሳትሳሳት ጻፍ» አሉትና ከነጠላቸው ሥር ሰማያዊ ደብተር አወጡ።

ጥሩወርቅ ደብተሩን ከሩቅ ዐወቀችው። በሽፋኑ ላይ የእርሷና የጓደኛዋ የታቢታ ስም ተጽፎበታል።

«የቀበሌው ሊቀመንበር ለአስተማሪሽ መልሺላት ብሎ ሰጠኝ። መንገድ ላይ ብከፍተው ቁጥሩን ዐወቅሁት፤ አንቺ ያስተማርሽኝ ነው» አሉና ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር አድርገው አነበቡ። «መቶ ሃያ። ለ... ው... ጥ፣ ለውጥ የለም። መቶ ሃያ። ለውጥ የለም።» እንዲህ እያሉ አራት መስመር አነበቡ። ክፍሉ አጨበጨበላቸው።

«ሐይቁ ሞልቶ ቤቴን ከወሰደው ወዲህ በዘመድ ቤት ነው ያለሁት» ብለው ቀጠሉ። «አሁን በዚህ ደብተር ምክንያት ሜዳው ላይ የቤት ቦታ አገኘሁ። የሜዳው ስንጥቅ ቆሟል፣ ተማሪዎች ለክተውታል ተባለ። ቅዳሜ ጎረቤት ተሰብስቦ ምሰሶ ያቆምልኛል። ፊደልሽ ቤት ሠራልኝ እኮ፣ ልጄ።»

ጥሩወርቅ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። የምትጽፈው ግን ጠፋባት።

ነገሩ የጀመረው በመጋቢት ነው። ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ዘንቦ ሲያድር፣ ከመናኸሪያ ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ መሬቱ ተሰንጥቆ ተገኘ። የጂኦግራፊው መምህር ሸዋንግዛው ክፍሉን ይዘው ሄዱና ከስንጥቁ አፋፍ ቆሙ።

«የቆምንበት የምድር ቅርፊት በምሥራቅና በምዕራብ እየተሳበ ነው» አሉ። «ስምጥ ሸለቆው የተፈጠረው እንዲህ ነው። ጥፍራችሁ ከሚያድገው ይዘገያል፤ ግን አያርፍም።»

«እንደ እኛ ነዋ፣ ቲቸር» አለ አንድ ልጅ። ተማሪው ሳቀ፤ መምህሩም ፈገግ አሉ።

«የጥንቱ ስብራት የእሳተ ገሞራ አመድ ለብሶ ይቆያል። ዝናብ ሲበዛ ውኃው አመዱን ወደ ውስጥ ያጥበዋል፤ ላዩም ይከፈታል። መቼ እንደሚቆም በዓይን ግምት አይታወቅም፤ የሚለካ ያስፈልጋል።»

ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ችካል ተተከለ። በየሐሙሱ በችካሎቹ መካከል ያለውን ርቀት እንዲለኩ ጥሩወርቅና ታቢታ ተመረጡ። ጥሩወርቅ የእናቷን የልብስ ስፌት ሜትር ይዛ ሦስት ሳምንት ተመላለሰች፦ መቶ ዐሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ መቶ ዐሥራ ሰባት፣ መቶ ሃያ። በአራተኛው ሐሙስ እናቷን ትኩሳት ጣላት፤ ቤት ተቀምጣ «መቶ ሃያ፣ ለውጥ የለም» ብላ ጻፈች። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ መልሶ መጻፍ ቀለለ። ታቢታ ዐወቀች፤ ዝምም አለች። መምህሩ እየፈረሙበት ሄዱ፤ ቀበሌውም የቤት ቦታ ሊሰጥ ሲል ደብተሩን ከእርሳቸው ወሰደ።

ደብተሩ በአዳራሹ በተነበበበት ሳምንት፣ ዐርብ ከትምህርት ሲወጡ ጥሩወርቅ ወደ ሜዳው አቀናች። ታቢታ እያጉረመረመች ተከተለቻት።

የስፌት ሜትሩ መቶ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ነው። ጥሩወርቅ ጫፉን በቀኙ ችካል ላይ ይዛ፣ ታቢታ ወደ ማዶ ዘረጋችው። አልደረሰም። የግራው ችካል ዘንበል ብሎ ሥሩ ወደ ስንጥቁ ወጥቷል። ከዋናው ስንጥቅ ደግሞ ክር የምታህል አዲስ መስመር ወጥታ ሣሩን እየከፈለች ትሄዳለች። ተከትለዋት ሄዱ። ሠላሳ እርምጃ ያህል እንደተጓዙ መስመሯ ከአራት ድንጋዮች መካከል ገብታ ጠፋች። ድንጋዮቹ የወይዘሮ ገበያነሽ አዲስ ቤት የሚሠራበት ቦታ ምልክት ነበሩ።

«አታካብጂ በቃ» አለች ታቢታ፤ ድምፅዋ ግን እርግጠኛ አልነበረም። «ዝናቡ ሊያባራ ነው። ደግሞስ ምን ልትዪ ነው? ቀበሌውን አሳሳትን? የወጣት ማኅበሩ በሰልፍ ፊት ግለ ሂስ ያስደርግሻል። ቲቸርም አይተርፉም።»

«ዐውቃለሁ።»

«አባቴ ከእስር ከተፈታ ገና ወሩ ነው፣ ጥሩዬ። ጸሎት ቤታቸው እንደተዘጋ ነው። አሁን የእኔ ስም ቀበሌ ከተጠራ...»

ጥሩወርቅ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። መነሣት አስጠላት። እዚያው ብትተኛና ሰው ሁሉ ቢረሳት ወደደች። ከዚያ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ከፍታ ብዕሯን አወጣች።

«የጻፍሁት እኔ ነኝ» አለች። «በእኔ እጅ ነው የተጻፈው፤ ሌላ ሰው አልጠራም። አንቺ ሂጂ፤ እናትሽ ይጠብቁሻል።»

ታቢታ ሜትሩን በጥንቃቄ ጠቅልላ በጓደኛዋ እጅ ላይ አኖረችና ሄደች።

ቅዳሜ ማለዳ ሜዳው ላይ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ምሰሶዎቹ ተጋድመዋል፤ ሙክታር ለግድግዳው ጭቃ የሚሆን ጭድ በጋሪው አምጥቷል። ወይዘሮ ገበያነሽ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው ቆመዋል።

«አስተማሪዬም መጣች» አሉ። «ነይ፣ የበሩን ቦታ አንቺ አሳዪን።»

ጥሩወርቅ ደብተሩን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። «መጨረሻ የተጻፈውን ያንብቡልኝ፣ እትዬ።»

«አሁን? ሰው ሥራ ፈትቶ?»

«ቀስ ብለው ያንብቡት። እኔ አልሄድም፤ እዚሁ ነኝ።»

አሮጊቷ የጥሩወርቅን ፊት አዩት፤ ከዚያ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር አደረጉ። «ዐርብ፣ ግንቦት ዐሥራ ሁለት። ከመቶ ሃምሳ... በላይ።» ቀና አሉና እንደገና አጎነበሱ። «የግራው ችካል ዘንብሏል። ያለፉትን አራት ሳምንታት... የጻፍሁት... ሳልሄድ... ቤት ተቀምጬ ነው።» ከሥሩ የተጻፈውን የጥሩወርቅን ስም በጣታቸው ተከተሉት።

ጥሩወርቅ ያቺን ቀጭን መስመር በጣቷ አሳየቻቸው። ሙክታር ጎንበስ ብሎ አየና እጁን ከምሰሶው ላይ አነሣ።

«እኔ ደግሞ የተጻፈ ሁሉ እውነት መስሎኝ» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ፣ ለማንም ሳይሆን። ደብተሩን ዘግተው መለሱላት። «ምሰሶውን ጋሪው ላይ ጫኑት፣ ልጆች። እዚህ አይቆምም።»

ሰዎቹ መጫን ጀመሩ።

«ሰኞ ታስተምሪናለሽ?» ብለው ጠየቋት ወይዘሮ ገበያነሽ።

«ካልከለከሉኝ።»

«እመጣለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ደርቋል፤ ፊታቸውንም አላዞሩላትም።

ጥሩወርቅ ከምሰሶዎቹ የአንዱን ጫፍ አንሥታ ከሙክታር ጋር ጋሪው ላይ አጋደመች። የመጨረሻው ከተጫነ በኋላ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣ ደብተሩን በብብቷ ይዛ፣ ወደ መምህር ሸዋንግዛው ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘች።

አንባቢዬ ሆይ፣ ቤትህ የቆመበትን መሬት እስከ ጥልቁ የሚያውቅ ጌታ ደጃፍህን ያጽናልህ፤ በጣራህ ሥር የሚያድሩትን ሁሉ ከድካማቸው ያሳርፋቸው፤ በሰላምም ያንቃቸው። አሜን።