የመናኸሪያው ድምጽ

ሥራዋ የሰው ትዳር መጠገን ነበር። እንዴት ያለ ሥራ ነው እቴ! ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍሏ ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ የእሷ መስኮቱ ሥር ነው። መሀል ላይ ሶፍት አለ፤ ሰዓቱ ደግሞ እሷ ብቻ እንድታየው ከባለጉዳዮቹ ጀርባ ተሰቅሏል። አንድ ሕግ ነበራት፦ አንደኛው ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ መልስ ከመስጠቱ በፊት ግን የሰማውን ቃል በቃል መልሶ ይናገራል። ጥበቧ ይኸው ነው! የፍቺ ወረቀት ይዘው የገቡ ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው ደረጃውን ሲወርዱ፣ የታችኛው ፎቅ ጸጉር አስተካካይ መቀሱን አስቀምጦ «አማካሪያችን ዛሬም አንድ ጥንድ ጠገነች» እያለ ይስቃል። ስሟ ከመግነኑ የተነሳ ተራ ለማግኘት ሁለት ወር ይጠበቅ ነበር።

የዚህች ሴት እናትና አባት ግን... ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም! በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ፣ ከአንድ ድስት እየበሉ! አባቷ የአውቶቡስ መናኸሪያ ድምጽ ማጉያ ላይ ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ በዚያ መረዋ ድምጹ «ተሳፋሪዎች፣ በር ቁጥር አራት» ሲል ውሎ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ትንፍሽ አይልም። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች። ልጃቸው አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ክፉ ችግር ገባና አባት ሚስቱን ሳያማክር የስፌት መኪናዋን ሸጠባት። እናትም «ይቅርታ እስኪጠይቀኝ ከአፌ ቃል አያገኝም» አለች። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ «ለአባትሽ ንገሪው»፣ «ለእናትሽ ንገሪያት» ሆነ ኑሮው። ልጅቷ ከጓዳ ሳሎን መልእክት ስታመላልስ አደገች። አባቷም «ፖስታዬ» የሚል ስም አወጣላት።

አንድ ዓርብ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። አባቷ ነው፤ ድምጹ ሻክሯል።

«ፖስታዬ፣ ሰኞ ጉሮሮዬን ይከፍቱታል። የበቀለብኝ ዕጢ ሲወጣ ድምጼም አብሮ ይሄዳል አሉኝ ሐኪሞቹ። እስኪ እናትሽን ጠይቂልኝ... እዚያ ክፍልሽ ትመጣልኝ እንደሆን።»

እናቷን ጠየቀቻት። አሮጊቷ «ምን ልልበስ?» አለች።

የአማካሪዋ ልብ ዘለለ! ደስታዋ ወሰን አጣ! የቅዳሜ ቀጠሮዎቿን ሁሉ ሰርዛ ወለሉን በእጇ ወለወለች፤ ወንበሮቹን አቀራረበች፤ በዛ ብላ መልሳ አራቀቻቸው፤ እንደገና አቀራረበች። ግን በሆዷ የያዘችው አንድ ነገር አለ። ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ነገር! ለማን ትንገረው?

ቅዳሜ መጡ። አባት የሥራ ኮቱን ለብሷል፤ እናት በእጇ የሰፋችውን ቀሚስ። ልጃቸው ሕጉን አስረዳቻቸው። አባት ጉሮሮውን ጠረገ።

«መናኸሪያው በር ላይ እስኪመሽ ጠብቄሽ ነበር። ለምን ቀረሽ?»

እናት እንደ ሕጉ ደገመች። «የሰማሁት... መናኸሪያው በር ላይ እስኪመሽ ጠብቄሽ ነበር፣ ለምን ቀረሽ አለኝ።» ከዚያ ግራ ተጋብታ ወደ ልጇ ዞረች። «ልጄ፣ መቼ ነው የጠበቀኝ?»

አማካሪዋ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች! የስንቱን ትዳር የጠገነው አፏ አሁን የራሷን ሊናገር ነው።

«እኔ ነኝ» አለች። «መኪናው በተሸጠ በሁለተኛው ሳምንት አባዬ ልኮኝ ነበር። ‹ይቅርታ ጠይቆሻል በያት፤ የገዛው ሰውዬ ሊመልስልን ተስማምቷል፤ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት በር ላይ እጠብቅሻለሁ፣ አብረን ሄደን እናመጣዋለን በያት› አለኝ። አልነገርኩሽም፣ እማዬ፤ ለእሱ ግን ነግሬያታለሁ አልኩት። ሁለታችሁም እጄን ይዛችሁ ‹ምን አለ፣ ምን አለች› ስትሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከታረቃችሁ ማን ይፈልገኛል ብዬ ነው። በማግስቱ ልነግርሽ ስል ፈራሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንደፈራሁ ነኝ።»

አባት እንደተናቀ ቆጥሮ፣ እናት ይቅርታ እንደተነፈገች ቆጥራ፣ ጸጉራቸው የሸበተው በአንዲት ሕፃን ዝምታ ነበር! ማን ላይ ይፈረዳል?

አባት ወደ ልጁ አልዞረም። ሚስቱን እያየ «ይቅርታ» አለ።

«የሰማሁት... ይቅርታ ነው» አለች እናት፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «እስኪ ድገመው።»

ደገመው። እሷም ደገመች። እስከ ሰኞ ድረስ አፋቸው አልተገጠመም! የሃያ ሁለት ዓመት ወሬ በሁለት ቀን! ሲሻክርበት ውሃ እየሰጠችው፣ ሲደክመው እየጠበቀችው። እሁድ ከሰዓት «እስኪ እንደ መንገደኞቹ ጥራኝ» ብትለው፣ በዚያች በቀረችው ድምጹ «ተሳፋሪ ሆይ፣ በር ቁጥር አራት ላይ የሚጠብቅሽ ሰው አለ» አላት። እንደ ኮረዳ ሳቀች።

ለልጃቸው ግን አንድም ቃል አልነበራቸውም። ሰኞ አባቷ የተኛበት ባለጎማ አልጋ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲገፋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አየችው፤ እሱም አያት፤ በሩ ተዘጋ። አሁን ድምጹ የለም። ይቅር ይበላት አይበላት በምን ታውቃለች?

ቁስሉ አመረቀዘ፤ ትኩሳቱ አልወርድ አለ። እናት ከራስጌው ሳትነሳ ከንፈሩን እያየች የሚለውን ለሐኪሞቹ ትነግር ጀመር። በዘጠነኛው ቀን ከንፈሩ ረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ። እናት ጎንበስ ብላ አየችው፤ ከዚያ ቀና ብላ በሩ ሥር የቆመችውን ልጇን ጠራቻት።

«ፖስታዬ፣ ልጅ ነበርሽ፤ ያንን ሁሉ ያሸከምንሽ እኛ ነን አለሽ። እኔ ይቅር ብዬሻለሁ፣ አንቺም ይቅር በይን አለሽ።» የልጇን እጅ ያዘች። «እንዳለ ነው የነገርኩሽ። አንዲት ቃል አልቀነስኩም።»

ልጅቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። እሱ በማግስቱ ጠዋት አረፈ።

ዛሬም ያቺ ክፍል አለች። አማካሪዋ ለሚመጡት ሁሉ ከሕጉ በፊት አንድ ጥያቄ ታስቀድማለች፦ «በልጆቻችሁ የተላላካችሁት ነገር አለ? እዚህ ራሳችሁ ተናገሩት።» ዕጣ ፈንታ እነዚያን ሁለት ሰዎች ሃያ ሁለት ዓመት ነሥታ ሁለት ቀን ሰጠቻቸው። ጨካኝ ናት እንበላት ወይስ ቸር? እናት ግን ስትጠየቅ «ሁለቱ ቀን ይበቃኛል» ትላለች።