በአባባ በር ላይ የቆመችው ስኩተር

አዛውንቱ የሞቱት በሩን እንደተደገፉ ነው። ገፍተው ገፍተው ጉልበታቸው ሲከዳቸው፣ ትከሻቸውን ከሳንቃው ሳያላቅቁ ቁጭ ብለው ቀሩ። ከበሩ ውጪ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፈው ኮሪደር ላይ፣ የልጃቸው ባል ቆሞ የሚነዳት የኤሌክትሪክ ስኩተር አግድም ተወጥራ ነበር፤ የፊት ጎማዋ በሩን፣ የኋላ ጎማዋ የማዶውን ግድግዳ ረግጦ። ክፍሏ ድሮ ዕቃ ቤት ስለነበረች በሯ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። መስኮት የላትም። በአፋቸው የሚስቡት የአስም መድኃኒት ደግሞ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ነበር።

የቤቱ ሰው ገዳዩን ለማወቅ መርማሪ አላስፈለገውም። «ይቺ ስኩተር አንድ ቀን ሰው ትገድላለች» ያላለ ማን ነበር? ሟቹ ራሳቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ርዕሰ መምህር የነበሩት ሰው፣ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር በከዘራቸው እየነካኳት «ይህቺ ፍየል ዛሬም እዚህ ናት?» ይሉ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ስኩተሯ የአማቻቸው፣ የጋጋሪው ናት። ሌሊቱን ዳቦ ሲጋግር ያድርና ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲጎርፍ እሱ ወደ ቤቱ ይመጣል። ድሮ ለታክሲ ተሰልፎ፣ ቆሞ እያንቀላፋ፣ የተሳፋሪውን ክርን ሁሉ እየቀመሰ ነበር የሚደርሰው። ስኩተሯን ከገዛ ወዲህ ግን መንገዱን ወደደው። የትኛው ጉድጓድ ጥርስ እንደሚያራግፍ፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ ውሻ እንደሚያባርር፣ የቀረው ባትሪ ለዳገቱ ይበቃ አይበቃ እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ያልተማረው አንድ ነገር ማቆም ነው። እንቅልፍ ዓይኑን እየደፈነው ይገባል፣ ኮሪደሩ ውስጥ እጁ እንደመራው ይተዋታል፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ ይተኛል። አንዳንዴ በግድግዳው ርዝመት፣ አንዳንዴ አግድም።

አሁን እዚያው ኮሪደር ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በግራው፣ መውጫው ላይ፣ ፖሊስ ቆሟል፤ በቀኙ አባባ የሞቱበት ክፍል ተከፍቶ ይታየዋል። ሚስቱ ሁለት ጊዜ በፊቱ ስታልፍ ቀና ብላ አላየችውም። አየሩ አነሰው፤ ሸሚዙን ከአንገቱ ላይ ደጋግሞ ሳበ።

«ዛሬ ጠዋት የት አቆምካት?» አለችው ኢንስፔክተሯ። ጡረታ የደረሰች፣ አጠር ያለች፣ ጉንፋን የማይለቃት ሴት ናት፤ መሐረቧ ከእጇ አይለይም።

«አላስታውስም።»

«አስታውስ እንጂ ልጄ። ዕድሜ ልክህን የሚያስጠይቅህ ነገር ነው።»

«ግድግዳው ሥር ነው ብልዎት ደስ ባለኝ። ግን የትናንቱን ከዛሬው መለየት አቃተኝ። የማቆማት ተኝቼ ነው ማለት ይቻላል።»

የሚምልበት አጣ። ገደልኩ እንዳይል አያውቅም፣ አልገደልኩም እንዳይል አያውቅም። አባባ ከሱ መኝታ በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይተው ሲያንኳኩ እሱ ጥጡን ወትፎ ተኝቶ ነበር። ይህን ግን በደንብ ያውቃል።

የኢንስፔክተሯ ስልክ ጮኸ። የአዛዡ ድምፅ ኮሪደሩን ሞላው። «ነገሩ ፀሐይ የሞቀው አይደለም እንዴ? ሰውዬውን ይዘሽው ነይ!»

«እሺ ጌታዬ፣ አፍንጫዬን ልናፈጥና» ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ቁጢጥ አለች። የስኩተሯን የፊት ጎማ በጣቷ ነካ አድርጋ ጣቷን መሐረቡ ላይ ጠረገች፤ ነጩ መሐረብ ጭቃ ሆነ። የእጅ ባትሪዋን በበሩ ታችኛው ክፍል ላይ አብርታ፣ ጽሑፍ የምታነብ ይመስል ብዙ ቆየች። ቀጥላ ዞራ የማዶውን ግድግዳ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። በወገብ ከፍታ ላይ ቀለሙ ተላልጦ፣ ትንንሽ ክብ ጉድጓዶች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበዋል።

«ስትመጣ ዝናብ ነበር?»

«ኧረ! ፀሐይዋ ዓይኔን እየወጋችኝ ነው የመጣሁት። ከዚያ ወዲያ ሚስቴ ስትጮህ ነው የነቃሁት።»

«ይህቺን ነገር እንዴት ነው የምታስነሳት? ቁልፉን ጫን ማድረግ ብቻ ነው?»

«መጀመሪያ በአንድ እግር ቆመው በሌላኛው መሬቱን ሁለት ሦስቴ መግፋት አለብዎት፤ ካልገፏት ሞተሯ አይነሳም። መብራት ላይ በቆሙ ቁጥር እንደዚያው ነው። የቀኝ ጫማዬን ጨርሳዋለች፤ ሚስቴ ‹አንድ እግር ብቻ የሚሸጥ ፈልግ› ትለኛለች።»

ኢንስፔክተሯ ሳቅ ብላ ወደ መውጫው ሄደች፤ የጫማ መደርደሪያው ፊት ቆማ፣ ገበያ እንደወጣች ሸማች ጫማዎቹን እየገለበጠች አየች። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሳሎን የሚወራው ሁሉ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። ጋጋሪው ጆሮውን አቁሞ ቀረ።

መጀመሪያ የተጠየቀችው ሚስቱ ናት። መነጽር ቤት ትሠራለች።

«ከሥራ ስገባ ስኩተሯ በሩ ላይ ተወጥራለች። መሪዋን ይዤ አንዴ ወደ ጎን ሳብኳት። አባባ ከሳንቃው ጋር... ላዬ ላይ ወደቁ።»

«አንዴ ብቻ ነው የሳብሻት?»

«አንዴ። ምን ልታዘዝ ብላ ነው የመጣችልኝ።»

ቀጥሎ ታክሲ ነጂው፣ የአባባ የመጨረሻ ልጅ፣ ገባ። የቤቱ ቁልፍ አለው። እኩለ ቀን ላይ መጥቶ ከአባቱ ጋር መጨቃጨቁን ጎረቤት ሰምቷል።

«አዎ ተጨቃጨቅን፤ ምን እደብቃለሁ? ታላቅ እህታችንን፣ እትዬን፣ ይልቀቋት ብዬ ነው። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ትምህርቷንም ትዳሯንም ትታ የሳቸው እስረኛ ሆናለች። ‹እሷ የት ትሄዳለች?› አሉኝ። በሩን ወርውሬ ወጣሁ።»

«እሳቸውስ ሌላ ያሉህ ነገር የለም?»

«‹ከሰዓት ከሰዓት ይዘጉብኛል› ይላሉ። እርጅና ነው ብለን እንስቅ ነበር።»

በመጨረሻ የበኩሯ ልጅ፣ ቤቱ ሁሉ እትዬ የሚላት፣ ተጠራች። አባቷን የምታስታምመው እሷ ናት፤ መድኃኒቱንም በሰዓቱ የምታቀብለው እሷ። ከሁሉ በኋላ ነው የገባችው፣ አትክልት ይዛ።

«ልገዛ ወጥቼ ዝናብ ያዘኝ። ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ።»

«ስኩተሯን ነድተሻት ታውቂያለሽ?»

«እኔ? ያችን የሰይጣን ፈረስ? እንኳን ልነዳት ሳያት ያመኛል!»

ጋጋሪው አንገቱን ደፋ። ይህቺ ሴት ነበረች በዚህ ቤት ደህና ቃል ያልነፈገችው።

ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። እሷ አልተቀመጠችም። በአንድ እጇ የወለል መወልወያ፣ በሌላው ጥንድ ጫማ በላስቲክ አድርጋ ይዛለች።

«ጠዋት ፀሐይ ነበር» አለች። «ዝናቡ የጣለው ከሰዓት ነው፤ ጋጋሪው ተኝቶ ሳለ። የስኩተሯ ጎማ ግን እርጥብ ጭቃ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ሲጥል ስኩተሯ መንገድ ላይ ነበረች። እሱ ጠዋት የትም ይተዋት የት፣ ከሰዓት አንድ ሰው ወስዶ ነድቷታል፤ መልሶም በሩ ላይ ወጥሯታል።»

ጋጋሪው ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«እሱ ራሱ ተነስቶ ወጥቶ ቢሆንስ?» አለ ታክሲ ነጂው።

«ጥሩ ጥያቄ። ሸራ ጫማው መደርደሪያው ላይ ነው፤ ያለው ዱቄት እንጂ ጭቃ አይደለም። ልብሱም ደረቅ ነው። ያንተ ጫማ፣ የሚስቱም፣ ሁለቱም እግር እኩል ነው ያለቀው። ይሄኛው ግን» አለችና ከላስቲኩ ውስጥ አንዱን ጫማ ገለበጠችው። «ይሄ እርጥብ ነው። ቀኙ ደህና ነው፤ ግራው ከመሐል ተፈግፍጎ ሊቀደድ ደርሷል። አትክልት ልትገዛ የምትሄድ ሴት ሁለት እግሯን እኩል ትጨርሳለች። በአንድ እግሩ ቆሞ በአንዱ መሬት የሚገፋ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ያውም በየቀኑ።»

ሁሉም ጫማውን ያውቁት ነበር። እትዬ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ወለሉን ታያለች።

«ለመውጣት ደግሞ አባት እንዳይከተሉ ማድረግ ያስፈልጋል» ቀጠለች ኢንስፔክተሯ። «የዚህ መወልወያ እንጨት ጫፍ የግድግዳ ቀለም ይዟል። በበሩና በግድግዳው መሐል እየተወጠረ ነው፤ ከበሩ ትይዩ ያሉት ክብ ጉድጓዶች የሱ ናቸው፤ የአንድ ቀን ሥራ አይደሉም። ሽማግሌው ይዘጉብኛል ሲሉ እውነታቸውን ነበር።»

ሚስትየው ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ስትመለስ ሞተው አግኝታቸው ይሆናላ! ደንግጣ ነው! እትዬ፣ ንገሪያት እንጂ!»

«እኔም እንዲያ በሆነ ብዬ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የበሩን ታች ስታዩት፣ ስኩተሯን ወደ ጎን የሳብሽበት አንድ ረጅም መስመር አለ። ከሱ ሥር ግን ጭቃው እላይ በላይ ተለቅልቋል፤ ጎማው አንዴ ተለጥፎ የቆመ አይደለም። በሩ በተገፋ ቁጥር ጎማው ተፈግፍጓል፤ ደጋግሞ። ጭቃው የመጣው ከዝናቡ በኋላ ነው። ሬሳ በር አይገፋም። ስኩተሯ በሩ ላይ ስትወጠር አባታችሁ በሕይወት ነበሩ። ከዚያ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ፤ ማቆም የማያውቅ አማች አለና።»

ጋጋሪው ደስ እንዲለው ጠብቆ ነበር፤ አላለውም። እትዬን አያት፤ ስትናገር እንደ ወትሮው ለስለስ ባለ ድምፅ ነው።

«አንድ ቀን ከመንገድ ላንሳት ብዬ እስከ ግቢ ገፋኋት። ከዚያ ወጣሁባት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልቀረሁም። እስከ ድልድዩ ሄጄ እመለሳለሁ፤ ሌላ ምንም የለም። ነፋሱን ብቻ ነው የምፈልገው። በዚህ ቤት ነፋስ አይገባም።»

«ዛሬስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ዛሬ ስመለስ በሩን ይመታሉ። መወልወያውን አነሳሁት። የእናቴ አጥንት ይፋረደኝ፣ ልከፍት ነበር። መድኃኒቴን እንኳ አላሉኝም። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ‹የት ነበርሽ?› አሉኝ። በዚያች ሰዓት እንኳ፣ የት ነበርሽ። ስኩተሯ በእጄ ነበረች።»

«ስንት ጊዜ ገፉት?»

«አልቆጠርኩም። መግፋታቸው ሲያበቃ ወጣሁ። አትክልቱን ገዛሁ።»

ታክሲ ነጂው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሚስትየው ከእህቷ አጠገብ ተነስታ ባሏ ጋ መጣች፤ ትከሻውን ያዘች። ፖሊሱ እትዬን እንድትነሳ ጠየቃት። ኮሪደሩ ጠባብ ነውና ጋጋሪው ፊት ስትደርስ ቆም ማለት ግድ ሆነባት።

«ላንተ ክፉ አስቤ አይደለም» አለችው። «ሁልጊዜ እዚያ ነው የምትተዋት። ማንም አይጠራጠርም አልኩ።»

«እኔም አልተጠራጠርኩም፣ እትዬ» አላት።